ያወቀ ሁሉ ለምን አያደርግም?

በየሩብ ዓመቱ ከየአጥቢያው የሚደርሱንን የሥራ ሪፖርቶች ስናነብ አንድ ሐረግ ሳያጋጥመን የምናልፍበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ችግኙ ሳይጸድቅ ቢቀር፣ መጸዳጃ ቤቱ ተቆፍሮ ሳይከደን ቢከርም፣ ለጤና መድን የተመዘገበው ሰው ቢያንስ፣ «ያጋጠሙ ችግሮች» ከሚለው ሥር የሚሰፍረው ምክንያት «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ነው። «የመፍትሔ ሐሳብ» ከሚለው ሥር ደግሞ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት መስጠት» ይከተላል። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ትምህርቱ ይሰጣል፤ የተሳታፊው ቁጥር በወንድና በሴት ተለይቶ ይመዘገባል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ሪፖርቱም ያንኑ ቃል ይደግማል። እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ቃሉን ያስለመድነው ራሳችን ባዘጋጀናቸው ቅጾች ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚህ ዕትም የምናቀርበው ትምህርት ይህን የተለመደ ምክንያት እንደገና የሚመረምር ነው። ሰው አንድን መልካም ነገር ሳያደርግ ሲቀር አለማወቁ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ዋናው እርሱ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ፣ መልካሙን ማወቅና መውደድ ብቻውን መልካሙን ወደ ማድረግ እንደማያደርስ ገልጧል። የንስሐ አባቶችም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ወደ እነርሱ ከሚመጣው ሰው መካከል ኃጢአቱ ኃጢአት መሆኑን ሳያውቅ የሠራው ጥቂቱ ነው። ወደ ልማት ሥራ ስንመጣ ግን ይህን የምናውቀውን ነገር እንዘነጋና፣ ገበሬው ወይም እናቲቱ ያላደረጉት ስላልሰሙ ነው ብለን እንነሣለን።

የሰው ውሳኔ ከምን እንደሚመነጭ የሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ በተለምዶ «የባሕርይ ሳይንስ» ይባላል። ባሕርይ የሚለው ቃል በትምህርተ ሃይማኖታችን የጠበቀ ፍቺ ስላለው፣ በዚህ ጽሑፍ «የጠባይ ጥናት» ማለትን መርጠናል፤ የምንናገረው ስለ ሰው ልማድና አድራጎት እንጂ ስለ ባሕርዩ አይደለምና። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ሰው በውሳኔው የሚሳሳተው እንዲያው በዘፈቀደ ሳይሆን አስቀድሞ ሊታወቅ በሚችል አቅጣጫ መሆኑን አሳዩ። ካህነማን ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ፤ ሪቻርድ ቴለርም በ2017 በዚሁ መስክ ተሸለሙ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2010 ይህን ዕውቀት በፖሊሲ ሥራ ላይ የሚያውል ልዩ ክፍል አቋቋመ፤ የዓለም ባንክም የ2015 ዓመታዊ የልማት ሪፖርቱን ለዚሁ ርእስ ሰጠ። ይህ ሁሉ ከአጥቢያ ጉባኤ የራቀ ቢመስልም፣ ፍሬ ነገሩን ከአርሲ ደጋ ተነሥተን ልናየው እንችላለን።

የታየ ሰው

ከአሰላ ወደ ደቡብ ሲጓዙ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው በቆጂ፣ የሊሙና ቢልቢሎ ወረዳ ከተማ ናት። ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ ስሟ በዓለም የታወቀው ግን በእህሏ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ የበቆጂ ልጅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ በኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1996 ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 በአቴንስ በ10,000 ሜትር፣ በ2008 ደግሞ በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ ጥሩነሽ ዲባባም በዚያው በቤጂንግ በሴቶች ሁለቱንም ርቀት አሸነፈች። እነዚህ ሁሉ ከአንድ አካባቢ ናቸው። ከመካከላቸው የብዙዎቹ የመጀመሪያ አሠልጣኝ የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱም በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ።

የአየሩ ከፍታ እንደሚረዳ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአርሲም በባሌም በሰሜን ሸዋም ይህን ያህል ከፍታ ያላቸው ብዙ ወረዳዎች አሉ። ስለ ሩጫ ያለው ዕውቀትም አዲስ አልነበረም፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ ድል ካደረጉ ወዲህ ሩጫ ሰውን ለክብር እንደሚያበቃ ያልሰማ የኢትዮጵያ ልጅ አልነበረም። በእኛ አስተያየት በ1992 የተጨመረው ዕውቀት ሳይሆን የታየ ሰው ነው። በአንድ መንገድ ውኃ ስትቀዳ፣ በአንድ ገበያ ስትመላለስ የታየች ልጅ ወርቅ ይዛ ስትመለስ፣ «ይህ ለእኔም ይሆናል» የሚለው ሐሳብ በሌሎች ልጆች ልብ ቦታ አገኘ። (ከሯጮቹ የሚበዙት ሜዳልያ ሳያገኙ እንደሚቀሩና ትምህርታቸውን የተዉም እንዳሉ መዘንጋት አይገባም፤ ምሳሌ መሆን ኃይል ነው፤ ኃይል ደግሞ ወጪ አለው።)

የበቆጂ ታሪክ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ከፍታው፣ አሠልጣኙና ምሳሌው የየድርሻቸው ስንት እንደሆነ ለይቶ የሚነግረን የለምና። ይህን ለመለየት የሞከረ ጥናት በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በዶባ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሯል። አጥኚዎቹ ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዶክተር ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ ነበሩ። ከ64 መንደሮች በዕጣ የተመረጡ ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ገደማ የሚወስዱ አራት ዘጋቢ ፊልሞችን በአፋን ኦሮሞ ተመለከቱ። በፊልሞቹ የሚናገሩት ባለ ሥልጣኖችና ባለሙያዎች ሳይሆኑ፣ ከተመሳሳይ ድህነት ተነሥተው በራሳቸው ጥረት በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ የተሻሻሉ የገጠር ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ በዕጣ ተለይተው የአስቂኝ ትዕይንት ፊልም አዩ፤ የቀሩት ምንም አላዩም። ገንዘብም፣ ዘርም፣ ሥልጠናም ለማንም አልተሰጠም።

ከስድስት ወር በኋላ፣ የምሳሌዎቹን ፊልም ያዩት ቤተ ሰቦች ከሌሎቹ ይልቅ ይቆጥቡ፣ ልጆቻቸውንም ወደ ትምህርት ቤት ይልኩ ነበር። አጥኚዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱም በቤተ ሰቦቹ ንብረትና በልጆቹ ትምህርት ላይ ልዩነቱ አልጠፋም ነበር። አንድ ሰዓት የማይበልጥ ፊልም ይህን ያህል መሥራቱ ለእኛም አስደናቂ ነው።

ዕጣ ለምን እንዳስፈለገ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ፈቃደኞች ብቻ ፊልሙን አይተው ቢሆን ኖሮ፣ የተሻሉት ፊልሙን ስላዩ ነው ወይስ አስቀድሞም ትጉሃን ስለነበሩ? የሚለውን ማንም ሊመልስ አይችልም ነበር። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ በተመረጠ ጊዜ ሐዋርያት ዕጣ የጣሉት ከሰው አድልዎ የራቀ ምርጫ እንዲሆን ነው፤ ተመራማሪዎችም ዕጣን የሚወዱት በዚሁ ጠባዩ ነው።

ለአጥቢያ ኮሚቴ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ይመስላል፤ ግን አሁን የምንሠራውን ይነቅፋል። «ሞዴል አርሶ አደር» ብለን በዐውደ ምሕረት ላይ የምናቆመው ሰው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ሰፊ መሬት፣ ሁለት ጥማድ በሬና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ዘመድ ያለው ሰው ነው። ድኻው ጎረቤት ይሰማዋል፤ ያደንቀዋል፤ «እርሱማ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባሏ የሞተባትና በሩብ ሔክታር መሬቷ ላይ ድንች ዘርታ ልጆቿን ያስተማረችው እናት ብትናገር፣ በመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደከሰረችም ሳትደብቅ ብትነግረን፣ ከእርሱ ይልቅ ትሰማለች።

የእጅና የወቅት ጉዳይ

በአርሲ ደጋ እህል የሚሰበሰበው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በጥር ወር ገበሬው ገንዘብ በእጁ አለ። ያን ጊዜ ግን ጥምቀት አለ፤ ሠርግ አለ፤ ክርስትና አለ፤ የተበደሩትን መመለስ አለ። የማዳበሪያ መግዣ የሚያስፈልገው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ እጁ ባዶ ነው። ማዳበሪያ ምርት እንደሚጨምር ያላወቀ የበቆጂ ገበሬ የለም። ዕውቀቱም ገንዘቡም ነበሩ፤ የጎደለው ሁለቱ የሚገናኙበት ቀን ነው።

በምዕራብ ኬንያ ይህንኑ ችግር ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን መርምረውት እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱን አሳትመዋል። የሸንኮራና የበቆሎ አገር በሆነው በዚያ አካባቢ ለገበሬዎች የቀረበው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፦ እህሉ እንደተሰበሰበ ሰው ወደ ቤታቸው መጥቶ፣ የማዳበሪያውን ሙሉ ዋጋ አሁን ከከፈላችሁ በዘር ጊዜ ያለ ማጓጓዣ ክፍያ ቤታችሁ ድረስ እናመጣለን አላቸው። ዋጋው አልተቀነሰም። በዚህ ብቻ የማዳበሪያ ተጠቃሚው ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ነጻ ማጓጓዣው በዘር ወቅት ሲቀርብ ግን ያን ያህል አልሠራም፤ በዘር ወቅት ይህን የሚያህል ለውጥ ለማምጣት የዋጋውን ግማሽ መደጎም ያስፈልግ ነበር። ለመንግሥት ፖሊሲ አውጪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጥር የሚደረግ አንድ የቤት ለቤት ጉብኝት በሰኔ ከሚወጣ ድጎማ ጋር ተወዳደረ ማለት ነውና።

ይህ ጥበብ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች መዋጮ ሲሰበስብ፣ የቆሮንቶስ ምእመናን እርሱ እስኪመጣ ድረስ እንዳይጠብቁ፣ ይልቁንም በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ አዝዟል (1 ቆሮ. 16)። ቀኑ የታወቀ ነው፤ ቦታው ቅርብ ነው፤ መጠኑም እንደ አቅም ነው። ረቡዕና ዓርብን መጾምም እንዲሁ ነው፤ ማንም ሰው በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ «ልጹም ወይስ አልጹም» እያለ አይወስንም፤ ቀኑ ወስኖለታል፤ ምጣዱም ጎረቤቱም ያግዙታል። በጽዋ ማኅበር ጽዋውን የተረከበ ሰው በቀጣዩ ወር እንደሚደግስ በወንድሞቹ ፊት ታስሯል። ስዕለት፣ ዕድር፣ ሰንበቴ፣ ሁሉም የነገውን ደካማነታችንን ዛሬ በጠነከርንበት ሰዓት የምናስርባቸው ገመዶች ናቸው። አባቶቻችን ይህን የሠሩት ለነፍስ ነው፤ ለማዳበሪያ ቁጠባና ለጤና መድንም ያው ገመድ ያገለግላል።

ማን ይናገር?

አንዳንድ ጊዜ የሚያግደው ወቅቱም ሩቅነቱም አይደለም፤ ሰው የሚወዳቸው ሁለት ነገሮች የተጣሉ መስለው ሲታዩት ነው። በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በእንጦጦና በሌሎች ቅዱሳት መካናት ጠበል ይጠመቁ ከነበሩት ሕሙማን መካከል ግን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብለው የሚያስቡ ነበሩ፤ መድኃኒቱን ጀምረው ያቋረጡም ነበሩ። የጤና ባለሙያዎች ስለ መድኃኒቱ ጥቅም ቢያስተምሩም፣ ሕሙማኑ የሚጠይቁት ጥያቄ ያ አልነበረምና መልስ አልሆናቸውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናገሩ። ቅዱስነታቸው ስለ ቫይረሱ ወይም ስለ መድኃኒቱ አሠራር የጨመሩት ዕውቀት አልነበረም፤ ምእመናኑ እንዲመርጡ የተገደዱ መስሎ የታያቸውን ምርጫ ግን አነሡት። ይህንንም ማድረግ የሚችል ከእርሳቸው በቀር ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ጉዳይ ወደ አጥቢያችን ሲመጣ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይገባናል፦ ምእመኑ የሚፈራው ምንድን ነው? ያን ፍርሃት ሊያነሣለት የሚችለውስ ማን ነው? አንዳንዴ የንስሐ አባቱ ነው፤ አንዳንዴ አዋላጇ ናት፤ በአርሲ በብዙ ቀበሌዎች ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ምንጭ ስለሚጠጡ ስለ ውኃ ጉዳይ የአገር ሽማግሌዎች በአንድነት ቢናገሩ ካህኑ ብቻውን ከሚናገረው ይልቅ ይሰማል።

ጠባይ ተለውጦ ፍትሕ ሲቀር

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ የጠባይ ጥናትን የሚያመሰግን ነው። የአርሲ ታሪክ ግን ሌላ ነገርም ያስተምረናል፤ ይህንን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብናል።

«ካዱ» በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቋመ። ማእከሉ አሰላ ነበር፤ ዛሬም ሥራውን የቀጠለው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ በዚያው ዘመን የተመሠረተ ነው። ካዱ የጠባይ ጥናት የሚለውን ስም ሳይጠራ ብዙውን ነገር ሠርቷል፤ የሠርቶ ማሳያ ማሳ ከመንገድ ዳር አዘጋጅቷል፤ ሌሎች አይተው የሚከተሏቸውን አርአያ ገበሬዎች መርጧል፤ ዘርና ማዳበሪያን በብድር፣ በቅርብ ቦታና በወቅቱ አቅርቧል። ተሳካለትም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማዳበሪያ በብድር የሚወስደው ገበሬ ከመቶዎች ወደ ሺዎች ደረሰ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። አርሲ ዛሬ የስንዴ አገር መባሉ ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ከጭላሎ ገበሬዎች ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩ። መሬቱ ትርፍ መስጠቱ በታየ ጊዜ ባለ መሬቶች ኪራይና ድርሻ ጨመሩ፤ ከቀረጥ ነጻ በሚገባ ትራክተር ራሳቸው ማረስ የጀመሩትም ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። የተሻለውን ዘር ተምሮ፣ አምኖ፣ የዘራው ሰው በዘራው ምክንያት ማሳውን ለቀቀ። ፕሮጀክቱ ሠራተኞቹ ይህን አይተው ትላልቅ ባለ መሬቶችን ከብድሩ ለማራቅ ሞክረዋል፤ የኪራይ ሕግ ካልተሻሻለ ግን ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ነበር። የመሬቱ ጥያቄ የተመለሰው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችንም በአገሪቱ ሰፊ መሬት እንደነበራት አንሰውርም፤ ታሪኩ ሌሎችን ብቻ የሚወቅስ አይደለም።

ስለዚህ ኮሚቴው «ሰውን እንዴት አድርገን ይህን እንዲያደርግ እናግባባው?» ከማለቱ በፊት፣ «ቢያደርገው ጥቅሙ ለማን ይሆናል? ቢከሽፍስ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሕክምና ጣቢያው መድኃኒት ከሌለው፣ እናቶች እንዲመጡ በጥበብ ማግባባት እነርሱን ማታለል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ይኸውም ኀፍረት ነው። ያልከፈሉትን ወይም መጸዳጃ ያልሠሩትን በስም ጠርቶ በጉባኤ ማሳፈር ሰውን ቶሎ እንደሚያንቀሳቅስ እናውቃለን። ነገር ግን ያልከፈለው ሰው ያጣ ሊሆን ይችላል፤ ያን ዕለት ከጉባኤው የወጣ ድኻም ወደ ቅዳሴም ላይመለስ ይችላል። ማስፈራራትና ማሳፈር አስፈላጊ የማይሆኑበት ጊዜም ብዙ ነው። አቶ አበበ ሽመልስና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ለነጋዴዎች ስለ ግብር ሁለት ዓይነት ደብዳቤ እንዲላክ አድርገው ነበር፤ አንዱ ቁጥጥር እንደሚደረግ የሚያስጠነቅቅ፣ ሌላው ግብር የአገር ግዴታ መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት የማግባቢያው ደብዳቤ ፍሬ ከማስጠንቀቂያው ብዙ የራቀ አልነበረም።

ብዙም አንጠብቅ። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኤሊዛቤት ሊኖስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት የጠባይ ጥናት ክፍሎች ከ23 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በነኩ 126 ሙከራዎች ያገኙትን ሰብስበው አይተዋል። አማካዩ ለውጥ 1.4 በመቶ ነጥብ ነበር፤ በመጽሔት ታትመው በወጡት ጥናቶች ግን 8.7 ነው። የተሳካው ይታተማል፤ ያልተሳካው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከዚህም የከፋ ነበር፤ ሰው ቅጽ ሲሞላ ፊርማውን ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ ቢያኖር እውነቱን ይናገራል ያለውና በ2012 ታትሞ የብዙ መንግሥታትን ጆሮ ያገኘው ጥናት፣ ከመረጃው ከፊሉ የተፈበረከ መሆኑ ተደርሶበት በ2021 ተሰርዟል። ስለ እውነተኛነት የተጻፈ ጥናት መሆኑ ነገሩን አሳዛኝ ያደርገዋል።

የኮሚቴው ልምምድ

ይህን ትምህርት በሥራ ለማየት አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ወደ አብዛኛው ወረዳ ደርሷል። ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይታከማል፤ የእጅግ ድኾቹን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። በአጥቢያችሁ ተመዝጋቢው አነስተኛ ነው እንበል። የተለመደው መንገድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ መድን ጥቅም አንድ ትምህርት መስጠት ነው። እስቲ ትምህርቱን ለጊዜው እናቆየው።

ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ካህን ባይሆን ይመረጣል፤ ካህን ሲጠይቅ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ይመልሳልና። እነዚህ ሁለቱ ያልተመዘገቡ ስድስት ቤተ ሰቦችን ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ። «ለምን አልተመዘገባችሁም?» ብለው አይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ወቀሳ አለበት። «ባለፈው የታመመ ሰው በቤታችሁ በነበረ ጊዜ ምን አደረጋችሁ? ገንዘቡን ከየት አገኛችሁ?» ብለው ይጀምሩ። ከዚያም አንድ ሰው ዛሬ ተነሥቶ ሊመዘገብ ቢፈልግ የሚያልፍበትን መንገድ ራሳቸው ይሂዱበት። ጽሕፈት ቤቱ በየትኛው ቀን ይከፈታል? ያ ቀን የገበያ ቀን ነው ወይስ አይደለም? ፎቶግራፍ ይጠየቃል? ፎቶ ቤቱስ የት ነው? የጸሐፊው መዝገብ ተዘግቶ ሁለተኛ እንዲመለሱ የሚነገራቸው ስንት ጊዜ ነው? ክፍያው የሚሰበሰበው በጥር ነው ወይስ በሐምሌ?

ከስድስቱ ቤቶች መካከል አራቱ «ባለፈው ዓመት ከፍለን ሄደን መድኃኒት የለም፣ ውጭ ግዙ ተባልን» ካሉ፣ የአጥቢያው ሥራ ምእመናንን ማግባባት አይደለም፤ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ስለ መድኃኒቱ መነጋገር ነው። የተገኘው መሰናክል ግን ቀንና ርቀት ከሆነ፣ መዝጋቢው በወርኀ ጥር በሁለት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ለእምነታችን ተከታይ ላልሆኑ ጎረቤቶችም በገበያው ዳር እንዲሁ ቢደረግ የተገባ ነው። ለዓመቱ መዋጮ በጽዋ ማኅበሩ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥም ይቻላል፤ በመዝገብ፣ በሁለት ፊርማ፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ። የመንግሥት ድጋፍ የሚገባቸው ድኾች ስም በዐውደ ምሕረት አይነበብ።

አጥቢያው አራት የጽዋ ማኅበራት ካሉት ዕጣ ጥላችሁ በሁለቱ ብቻ የወር ቁጠባውን ጀምሩ፤ የቀሩት ሁለቱ በሚቀጥለው ዓመት ይገባሉ። በዓመቱ መጨረሻ ከሁለቱም ወገን የተመዘገቡትን ቁጠሩ። ልዩነት ካልታየም ያንኑ ጻፉልን፤ እንዲህ ያለው ውጤት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር አንፈልግም። በሚቀጥለው የሪፖርት ቅጽ «ያጋጠሙ ችግሮች» በሚለው ሥርም «የግንዛቤ እጥረት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ስማቸው ሳይጠቀስ የሦስት ቤተ ሰቦችን መልስ በራሳቸው አነጋገር አስፍሩልን።